ስለ ታሪክ ትምህርትና ስለ አዲሱ መሣሪያ በወላይታ አገር

ታሪክን ማስተማር ማለት የሞቱትን ነገሥታት ስምና የተዋጉበትን ዘመን በተማሪ አፍ ላይ ማኖር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዚህም የተነሣ በየትምህርት ቤቱ የታሪክ ሰዓት፤ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን ወደ ደብተር መገልበጫ፤ የተገለበጠውንም እስከ ፈተና ቀን በቃል ይዞ ከፈተና በኋላ መርሻ ሆኖ ኖሯል። ይህ ልማድ በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም መምህራን ሲያማርሩበት የኖሩት ነገር ነው። በወላይታ አገር ግን ይልቁን የሚያስቈጭበት ምክንያት አለ። በሶዶ ከተማ በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ዐይኑን ወደ መስኮት ያነሣ እንደሆነ የዳሞታ ተራራ ከፊቱ ቆሞ ያየዋል፤ በዚያም ተራራ በምዕራቡ ጐን ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ሰው የኖረበት ዋሻ ይገኛል። ልጁ ግን የሩቅ አገር ነገሥታትን ስም ሲገለብጥ ቆይቶ፤ በደጁ ስላለው ዋሻ አንዳች ቃል ሳይሰማ ትምህርቱን ሊፈጽም ይችላል።

የሶዶ ከተማ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ ጊዜ የክልሉ መንግሥት የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ አስቀድሞም በ1999 ዓ.ም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶባታል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ለትምህርት የሚደረገው ሥራ ለወላይታ ልጆች ብቻ ሳይሆን በክልሉ ለሚኖሩት ለብዙዎቹ ሕዝቦች ምሳሌ ሊሆን የሚችል ነው። አሁን የሚጠየቀው ነገር፤ በኮምፒዩተርና በስልክ በኢንተርኔትም አማካይነት የመጣው አዲስ መሣሪያ ለታሪክ ትምህርት ምን ይረባል? የሚረባስ ከሆነ በምን ንድፍ ሊሠራበት ይገባል? የሚል ነው።

ነገሩን ከዋሻው መጀመር ይሻላል። ዋሻው ሞቼና ቦራጎ ይባላል። በመጀመሪያ ፈረንሳውያን የጥንት ነገር መርማሪዎች፤ ከእነርሱም በኋላ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር በሆኑት በስቲቨን ብራንት የሚመራው ጓድ፤ የጀርመን አገር የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ተጨምረው ቈፍረውታል። በዋሻው ወለል እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበረውን አፈር አንድ በአንድ እየገለጡ ሲመረምሩ እጅግ ብዙ የባልጩት መሣሪያ አግኝተዋል። በዓለም ላይ ብርድና ድርቅ በጸናበት በዚያ ዘመን ሰዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ተጠግተው ሳይተርፉ አልቀሩም የሚል አሳብም አቅርበዋል። ይህ አሳብ ገና የሚመረመር ቢሆንም የዳሞታ ተራራ ስም በዓለም ሊቃውንት መጻሕፍት እንዲጠራ አድርጓል። ከዚሁ ተራራ ግርጌ በሚገኙት ትምህርት ቤቶች ግን ስሙ እንደዚያ አይጠራም።

አዲሱ መሣሪያ እዚህ ላይ የሚያደርገው ረድኤት የሚታይ ነው። አንድ የባልጩት መሣሪያ በተራ ስልክ ከየጐኑ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የተነሣ እንደሆነ፤ ኮምፒዩተሩ ሥዕሎቹን አገጣጥሞ ድንጋዩን ውፍረትና ጥልቀት ባለው መልክ ያቆመዋል። ተማሪውም በቦዲቲ ወይም በአረካ ሆኖ፤ በመስኮት መስተዋት ውስጥ ተቈልፎ የሚኖረውን ዕቃ በጣቱ እያዞረ ስለቱን፤ የተጠረበበትንም አኳኋን ሊመለከት ይችላል። ነገር ግን ማዞሩ ብቻ ጨዋታ ነው፤ ትምህርት የሚሆነው መምህሩ፣ ይህ ወገን ለምን ሳለ? ያኛውስ ለምን ደነዘ? ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ነው። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎረቤት በጋሞና በኮንሶ አገር ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠሩበት ታይተዋል፤ የውጭ አገር ሊቃውንትም ከእነርሱ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ በወላይታም ቆዳ ፋቂና ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭም ሲናቁ ኖረዋል። የቆዳ ፋቂ ልጅ በክፍሉ ውስጥ የአባቱ ጥበብ ከተራራው ዋሻ ጥበብ ጋር ተያይዞ ሲነገር የሰማ ቀን፤ ከወንበሩ ላይ ቀና ብሎ መቀመጡ አይቀርም። ይህን የመሰለ ፍሬ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የሚመዘን አይደለም።

ለካህናት ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱ ንጉሥ የሞተለሚ ነገር ተጽፏል፤ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን እንደ ማረካት፤ በኋላም ጻድቁ ወደ ዳሞት ወርደው ንጉሡን አስተምረው እንዳጠመቁት ይነበባል። ይህንኑ ንጉሥ የወላይታ ሽማግሌዎች ካዎ ሞቶሎሚ ብለው ከራሳቸው ነገሥታት ጋር ይቈጥሩታል፤ ካዎ ማለት በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። በአገሩም ትውፊት አሩጂያ፣ ወላይታ ማላና ትግሬ የሚባሉ ሦስት የነገሥታት ወገኖች ተከታትለው እንደ ነገሡ ይነገራል። የታሪክ ጸሓፊዎች በበኩላቸው የዚያ ዘመን ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ ሰፊ መንግሥት መሆኑን ይጽፋሉ፤ በጎጃም ዛሬ ዳሞት የሚባለውም አገር ስሙን ያገኘው በኋላ ዘመን ሕዝቡ ዓባይን በተሻገረ ጊዜ መሆኑን ያስረዳሉ። የጥንቱ ወሰን እስከ የት እንደ ነበረ ግን ተከራክረው አልጨረሱትም።

እንግዲህ ተማሪው፣ እውነተኛው የትኛው ነው? ብሎ ይጠይቃል። አንድ መጽሐፍ ብቻ የያዘ መምህር መጽሐፉ የመረጠለትን መልሶ ይነግረዋል፤ ልጁም ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ግን ማመኑ አይደለም። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ግን የገድሉን ቃል በአንድ ወገን፣ የሽማግሌውን ድምፅ በሁለተኛው፣ የታሪክ ጸሓፊውን ካርታ በሦስተኛው አስቀምጦ ማስተያየት ይቻላል። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ ትርጓሜ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ምስጢሩን በየወገኑ ሲያወርድ፤ ደቀ መዝሙሩ አንዱን ሰምቶ ሌላውን እንዳይጥል ያስለምደዋል። ልዩነቱ፣ ታሪክ «አንድም» ካለ በኋላ የምስክሩን ማንነት ጨምሮ መመርመሩ ነው፤ ማን ጻፈው? በየትኛው ዘመን? በዐይኑ አይቶ ነውን ወይስ ሰምቶ? ይላል። በአንድምታ ያደገ ካህን ይህን አሠራር ከማንም ይልቅ ፈጥኖ ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ የታሪክ መምህራንም ከጎረቤታቸው ካለው የትርጓሜ ጉባኤ ሊማሩ አለመምጣታቸው ያስገርማል።

የብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች ለማስተያየትም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይቀላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ረዳትነት የብራና መጻሕፍትን በፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ወደ 9 ሺህ የሚደርሱ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ለብዙዎቹም ዝርዝር በማዘጋጀት ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ሊነበቡ የሚችሉ ሆነዋል። በወላይታ በጻድቁ ስም የሚጠራው የደብረ መንክራት ገዳም አገልጋይ፤ ወይም የሶዶ የታሪክ መምህር፤ ቀድሞ ብዙ ቀን ተጉዞ ከዕቃ ቤት ደጅ ይለምነው የነበረውን ቅጠል በጠረጴዛው ላይ ሊያይ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚከብደው የ1887 ዓ.ም ነገር ነው። በዚያ ዓመት የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በወላይታ ላይ ዘመተ፤ ካዎ ጦና ከሕዝቡ ጋር ተዋግቶ ቆስሎ ተማረከ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ሰውና ከብትም ተነዳ። ይህም የሆነው ከዓድዋ ጦርነት አንድ ዓመት ከጥቂት ወር አስቀድሞ ነው። አንዱን ሥራ አንዱ ቤት አገር ማቅናት ይለዋል፤ ሌላው ቤት ወረራ ይለዋል። ልጁ በትምህርት ቤት አንዱን ይሰማል፤ በቤቱ ከአያቱ አፍ ሌላውን ይሰማል፤ በስልኩም ላይ በስድብ የተለወሰ ሦስተኛ ነገር ያነብባል። መምህሩ ሁከትን ፈርቶ ያንን ምዕራፍ በችኮላ የዘለለ እንደሆነ ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ስልኩ ይሞላዋል። ስልኩ ደግሞ ምስክር ጠርቶ አይመረምርም።

ምስክር ግን አለ። ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ወደ ወላይታ ወርዶ በዐይኑ ያየውን ጽፎ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 በፓሪስ አሳትሞታል፤ መጽሐፉ ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ይነበባል። ጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ ይህንኑ ዘመቻ ከቤተ መንግሥቱ ወገን ሆነው ጽፈውታል። የወላይታ ሽማግሌዎችም ከአያቶቻቸው የተቀበሉትን ይናገራሉ። መምህሩ ክፍሉን በሦስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ምስክር ብቻ ይስጥ፤ ምስክሩ በየት ቆሞ እንዳየ፣ ማንን እንደሚያገለግል፣ ያየውን ከሰማው እንዴት እንደ ለየ መርምረው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ከየክፍሉ አንድ አንድ ልጅ እየተወሰደ አዲስ ጉባኤ ይቋቋምና፤ ሦስቱ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን በአንድ ወረቀት ላይ ያውጡ። በዚህ ጊዜ ክርክር ይነሣል፤ ምናልባትም እንባ ይታያል። ቢሆንም ይህ ክርክር በመምህር ፊት በክፍል ውስጥ ቢደረግ፤ ስሙንና ፊቱን በሠወረ ሰው በስልክ ላይ ከሚነሣው ጠብ እጅግ ይሻላል።

እንግዲህ ንድፍ የተባለው ይህ ነው። በዘመናችን የሥነ ንድፍ ዐዋቂዎች፤ ቤት የሚሠሩም ዕቃ የሚሠሩም፤ አንድ ሥርዓት ይከተላሉ። አስቀድመው በዕቃው ከሚጠቀመው ሰው ዘንድ ሄደው ችግሩን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ወጪ ናሙና ይሠራሉ፤ ናሙናውን ለጥቂት ሰዎች ሰጥተው ስሕተቱን ያያሉ፤ አርመውም በብዛት ያወጡታል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የዚህ ሥርዓት መጓደል ምን እንደሚያስከትል ግን ከወላይታ ይበልጥ የሚያውቅ አገር የለም።

ወላይታ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለ፤ የአራቱን ሕዝቦች ንግግር አቀላቅሎ ወጋጎዳ በሚባል ስም አንድ የትምህርት ቋንቋ የማድረግ አሳብ ተነሣ። ስሙም ከአራቱ ሕዝቦች ስም መጀመሪያ ተቈራርጦ የተገጣጠመ ነበር። መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ ታተመ፤ ለትምህርት ቤቶች ታደለ። አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች አራቱ ንግግሮች የተቀራረቡ ስለ ሆኑ ለእያንዳንዱ ልዩ መጽሐፍ ከማሳተም ወጪ ለማዳን አስበው ሊሆን ይችላል፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ ክፉ አይመስልም። ነገር ግን ልጁ መጽሐፉን ገልጦ የእናቱን ቋንቋ ሳይሆን የማንም እናት የማትናገረውን ቋንቋ አገኘ። መምህራን ተቃወሙ፤ ታሠሩ፤ ከሥራ ቦታቸውም ተዛወሩ። በ1992 ዓ.ም በኅዳር ወር የሶዶ ሕዝብ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻም መጽሐፉ ተነሣ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አንድ ናሙና በአንድ ትምህርት ቤት፤ በአንድ ክፍል፤ ለአንድ ወር ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ራሳቸው በየዋህ አንደበታቸው፣ «ይህ የማን ቋንቋ ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር የታሪክ ትምህርት ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ ተቀምጦ ሠርቶ ለወላይታ ልላክ ቢል መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ጥፋቱ ያው አሮጌው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የፕላዝማው ትምህርት ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታላላቅ የቴሌቪዥን መስኮቶች ተሰቅለው ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። መንግሥት ያወጣው ገንዘብ ብዙ ነበር፤ አሳቡም የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል መምህር ያግኝ የሚል መልካም አሳብ ነበር። ይሁን እንጂ በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተናገረ ያልፋል፤ ተማሪው አልገባኝም ቢለው አይሰማም፤ የክፍሉ መምህር ለመግቢያና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱ አልፎ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። ነቀፋው የመስኮቱ አይደለም፤ መምህሩን ከመካከል ያወጣው የአሠራሩ ንድፍ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። የዚያ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነው፤ በአንድ ነገር ማላከክም አይገባም። ቢሆንም መገልበጥና በቃል መያዝ ብቻ የትም እንደማያደርስ ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠር የለም።

ፈጥሮ መማር በኢትዮጵያ ያልነበረ ነገር ተደርጎ መነገሩም ትክክል አይደለም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃል መያዝ ብቻ አይበቃውም፤ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በማግሥቱ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም በጓደኞቹ መካከል ያርመዋል፤ የተበላሸውን ጥሎ እንደገና ይቈጥራል። የአውሮፓ የንድፍ ሊቃውንት ዛሬ ሠርቶ ማሳየትና ታርሞ መመለስ እያሉ ብዙ መጽሐፍ የሚጽፉበት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕልም ፊደል ለማያውቀው ሕዝብ የተዘጋጀ የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል፤ ሠዓሊው የትኛውን ነገር ከላይ፣ የትኛውን ከታች፣ ማንን አግዝፎ ማንን አሳንሶ እንደሚያሳይ ሳያስብ ብሩሹን አያነሣም።

ስለዚህ የወላይታ ተማሪም የተዘጋጀለትን ከመመልከት አልፎ ራሱ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ይገባል። ካርታ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ይመቻል። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ በኢንተርኔት ላይ አለ፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል። ብዙ የገጠር ቀበሌ በእንዲህ ያለው ካርታ ላይ መንገዱም ስሙም ያልተጻፈ ባዶ መሬት ሆኖ ይታያል። ተማሪዎች የካዎ አማዶ ኬላ እየተባለ የሚጠራውን የመከላከያ ካብ በእግራቸው ተከትለው ሄደው የቀረውን ክፍል ቢያስገቡበት፤ በኦሞ ማዶ በዳውሮ አገር ካለው ከንጉሥ ሃላላ ካብ ጋር ቢያስተያዩት፤ ድንጋዩ ለቤት መሠረትና ለአጥር ተወስዶ ሳያልቅ መዝገቡ ይተርፋል። በካርታውም ላይ የማላና የዶጋላ ጐሣዎች የሰፈሩበትን፣ ገበያ የሚቆምበትን ቦታ ቢያኖሩ የአያቶቻቸው ንግግር ምን ማለት እንደ ነበረ ይገባቸዋል።

የቅርብ ዘመን ታሪክም አይናቅ። በሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረ ተራራ ከ1998 ዓ.ም አንሥቶ በሕዝቡ ጥበቃ የተቈረጠው ጉቶ ራሱ እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ 2,728 ሄክታር ደን ለምቷል፤ በ2002 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የአየር ጠባይ መዝገብ ገብቶ የካርቦን ገንዘብ ያስገኘ ሥራ ሆኗል። በሳተላይት የተነሡትን የየዓመቱን ሥዕሎች በተራ እያሳለፉ ሲመለከቱ የተራራው መልክ ከግራጫ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ይታያል። ልጁ ሥዕሉን ካየ በኋላ ወደ አባቱ ሄዶ፣ በዚያ ዓመት ፍየሎቻችሁን ወዴት ወሰዳችኋቸው? ማንስ ተቃወመ? ብሎ ቢጠይቅ፤ ሳተላይቱ የማያየውን ታሪክ ያገኛል።

የዘመን ተራ የሚያሳዩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ተማሪው ዓመቱንና ሥዕሉን ሲያስገባ በመስመር ላይ ደርድረው ያሳዩታል። ነገር ግን እነዚህ በአውሮፓ የተሠሩ ወይም በአሜሪካ ናቸውና የሚቈጥሩት በእነርሱ ዘመን ነው፤ 1887 ብሎ የጻፈ ልጅ የወላይታን ዘመቻ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ጐትቶ ያገኘዋል። ይህ እንቅፋት ለጥሩ መምህር ሲሳይ ነው። የወላይታ ሽማግሌዎች ጊፋታ የሚውልበትን ቀን ለመወሰን ጨረቃን ይቈጥራሉ፤ ካህናትም በባሕረ ሐሳብ በዓላትን ያወጣሉ፤ ሁለቱን ጠርቶ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ፊት ማነጋገር ዘመን ምን እንደ ሆነ ለማስተማር ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

ችግሩን አሳንሶ መናገር አይገባም። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም በሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ዘግይቶ የኮምፒዩተሩ ቅጂ ቢቀድም፤ ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ ማንበብ ግድ ሆኖበታል። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ነገር ግን አለ። ኪዊክስ የሚባለው አሠራር ዊኪፔዲያንና ሌላውንም ብዙ መጽሐፍ በአንድ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አከማችቶ፤ ያለ ኢንተርኔት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ላሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያድላል። በወላይትኛ የተቀዳ የሽማግሌ ድምፅና ሥዕልም በዚያው ዕቃ ሊቀመጥ ይችላል። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ተዛውሯል። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አንዱ የጻፈውን ሌላው የማያነብብበት ቤት አይታጣም፤ ድምፅ ግን ፊደል አይመርጥም።

ሌላው አደጋ ሐሰት ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ያልነበረውን ንጉሥ ፎቶግራፍ ያልነበረውን ጦርነት ሥዕል አሳምሮ ይሠራል፤ ሕዝብም እውነት መስሎት ያስተላልፈዋል። ከዚህ የሚጠብቀው አዋጅ ብቻ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ፣ ይህን ሥዕል ማን አነሣው? መቼ? ቀድሞ የታተመው በየት ነው? ብሎ መጠየቅን የለመደ ተማሪ በቤቱም ሳይጠይቅ አይቀበልም።

ለሹማምንት የሚቀረው ሥራ ከሚመስለው ያነሰ ነው። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ፈቃደኞች የሆኑ ጥቂት የታሪክ መምህራንን ከየወረዳው መርጦ ለአንድ ክረምት ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ቢያስቀምጥ፤ አንድ ትምህርት ብቻ፣ ለምሳሌ የሞቼና ቦራጎን ወይም የካዎ ሞቶሎሚን ነገር ይዘው ናሙና ቢሠሩ፤ በሦስት ትምህርት ቤቶች ቢሞክሩት፤ ልጆቹ ያልገባቸውን ጽፈው ቢመልሱላቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ከዚያው ይወጣል። የመምህሩ ድካምም በደረጃው ዕድገት መዝገብ ላይ ሊቈጠርለት ይገባል፤ ያልተቈጠረ ድካም ከሁለት ዓመት በላይ አይጸናም።

ከሽማግሌዎች ድምፅ ሲቀዳ ፈቃዳቸው በምስክር ፊት ይጠየቅ፤ ስማቸው እንዲጠራ ወይም እንዲሠወር እነርሱው ይምረጡ፤ ቅጂውም አንድ በቤታቸው፣ አንድ በዩኒቨርሲቲው፣ አንድ በሶዶ በሚገኘው ቤተ መዘክር ይቀመጥ። ቀኑም ቢሆን የታወቀ ነው። በመስከረም ወር በጊፋታ ሰሞን ከከተማም ከሩቅ አገርም ልጆች ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ፤ ሽማግሌዎችም በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ ስልክም በየእጁ አለ። ዘንድሮ የተቀዳ ሽማግሌ በሚመጣው ጊፋታ ላይኖር ይችላልና፤ የጥያቄው ወረቀት ትምህርት ቤት ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት በልጆቹ እጅ መግባት አለበት።